ሉድሚላ ፔትሩሼቭስካያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ሲነሳ ከአፋችን ቶሎ የሚወጡት ስሞች ዶስቶየቭስኪ፣ ቶልስቶይና ቼኾቭ ናቸው። በደርግ ዘመን ያነበበ ሰው ጎርኪን ይጨምራል። ከዚያ ወዲህ ስለመጡት ግን ብዙም አናወራም። ከእነሱ መካከል አንድ ሰው ብቻ የማስተዋወቅ ዕድል ቢሰጠኝ ያለ ማመንታት ፔትሩሼቭስካያን እመርጣለሁ። ስለ እሷ ባወራሁ ቁጥር የሚነሱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፔትሩሼቭስካያ ማን ናት?

በ1938 ሞስኮ የተወለደች ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ናት። አጭር ልቦለድ፣ ረጅም ልቦለድ፣ ተውኔት፣ ተረት፣ የፊልም ጽሑፍና ግጥም ጽፋለች። ሥዕልም ትሥላለች። ሰባ ዓመት ሲሞላት ደግሞ ትልልቅ ባርኔጣ እየደፋች፣ የራሷን ባንድ ይዛ መድረክ ላይ መዝፈን ጀመረች።

ይህ ሁሉ ሥራ ቢኖራትም ስሟን የተከለችው በአንድ ነገር ነው። ተራ ሰው፣ በተለይ ተራ ሴት፣ በሶቪየት ከተማ በጠባብ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትኖርና እንዴት እንደምትናገር ከእሷ በተሻለ ያሰማን ደራሲ የለም ብዬ አምናለሁ።

ልጅነቷ በጽሑፎቿ ውስጥ ይታያል?

በደንብ ይታያል። ልጅነቷን ሳያውቁ እሷን ማንበብ ይቻላል፤ ካወቁ በኋላ ግን ሌላ ሆና ትነበባለች።

ቤተሰቧ የቦልሼቪክ ቤተሰብ ነበር። ቅድመ አያቷ ኢሊያ ቬገር ሐኪምና ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ የፓርቲው አባል ነበሩ። ስለዚህ ቤተሰቡ የኖረው ለፓርቲ ሰዎች መኖሪያ በተሰጠው በታወቀው ሜትሮፖል ሆቴል ነው። ከዚያ 1937 መጣ። ስታሊን የራሱን ሰዎች መብላት ሲጀምር ከዘመዶቿ መካከል ተይዘው የተረሸኑ አሉ። የቀሩት «የሕዝብ ጠላት ቤተሰብ» ሆኑ። ትንሿ ሉድሚላ ይህ ስም ተለጥፎባት ነው የተወለደችው።

ጦርነቱ ሲነሳ ወደ ኩይቢሼቭ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ሳማራ ተሰደዱ። እናቷ ትምህርቷን ለመጨረስ ወደ ሞስኮ ተመለሰች፤ ልጅቷ ከአያቷና ከአክስቷ ጋር ለዓመታት እዚያው ቀረች። በጋራ አፓርታማው ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች አልፈለጓቸውም። ሦስቱም ተራቡ። ጎረቤት የጣለውን የድንች ልጣጭና የዓሣ ጭንቅላት ከቆሻሻ እየለቀሙ በሉ። ልጅቷ ጫማ አልነበራትም። ሰፈር ለሰፈር እየዞረች እየዘፈነች ለመነች። አያቷ ደግሞ ማታ ማታ የጎጎልን ታሪኮች በቃሏ ትነግራት ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። የሚበላ የለም፤ ታሪክ ግን አለ።

ከጦርነቱ በኋላ እናቷ መጥታ ወሰደቻት። ሞስኮ ውስጥ የገቡት ወንድ አያቷ ክፍል ነው። አያቷ ኒኮላይ ያኮቭሌቭ የካውካሰስ ቋንቋዎችን ያጠኑ ትልቅ የቋንቋ ምሁር ነበሩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መጻሕፍት እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ልጅቷ የምትተኛው ጠረጴዛ ሥር ነው። በኋላ ምሁሩ ከሥራቸው ተባረሩና አእምሯቸው ተነካ።

እነዚህን ሁሉ የተረከችበት የትዝታ መጽሐፏ «ከሜትሮፖል ሆቴል የመጣችው ትንሽ ልጅ» ይባላል። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሰው በልቦለዶቿ ውስጥ ምግብ ለምን ያን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ይገባዋል። ማን በላ፣ ማን አልበላም፣ ማን ለማን አጎረሰ፣ ማን ደበቀ። ገጸ ባሕርዮቿ ፍቅርን የሚለኩት በዚህ ነው።

ጸሐፊ የሆነችው እንዴት ነው?

በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተማረችና በ1961 ተመረቀች። በሬዲዮ፣ ቀጥሎ ዘፈንና ድምፅ የተቀዳበት ሸክላ አብሮት በሚታተም «ክሩጎዞር» በተባለ መጽሔት፣ በኋላም በቴሌቪዥን ሠራች። ቴፕ ይዛ እየዞረች ሰው ታናግር ነበር። ጆሮዋ የተሳለው እዚያ ይመስለኛል። በኋላ ሃያሲዎች አጻጻፏን «ቴፕ የቀዳው ይመስላል» ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከፊሎቹ ለነቀፋ ነበር ያሉት። ለእኔ ትልቅ ምስጋና ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጽሑፎቿን በዘመኑ ደፋር ይባል ወደነበረው «ኖቪ ሚር» መጽሔት ወሰደች። አዘጋጁ ገጣሚው አሌክሳንደር ትቫርዶቭስኪ ነበር። ለማተም አልደፈረም፤ ነገር ግን ከጸሐፊዋ ጋር ያለው ግንኙነት እንዳይቋረጥ አሳሰበ። የመጀመሪያዎቹ ታሪኮቿ በ1972 ሌኒንግራድ በሚታተመው «አቭሮራ» ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በጥቂቱ ብቻ ነው የታተመችው። የመጀመሪያው የታሪክ መድብሏ «የማይሞት ፍቅር» የወጣው በ1988 ነው። ያኔ ሃምሳ ዓመቷ ነበር።

የፖለቲካ ጸሐፊ ካልነበረች ለምን አላተሟትም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በጽሑፎቿ ውስጥ ፓርቲውን የሚሳደብ መፈክር የለም። ስለ ሳይቤሪያ የእስረኞች ካምፕም አልጻፈችም። የጻፈችው ስለ ጋራ ወጥ ቤት፣ ስለ ውርጃ፣ ስለ ሰካራም ባል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስለታጨቁ ሦስት ትውልዶች ነው።

ችግሩም እዚያው ላይ ነበር። በዘመኑ ሥነ ጽሑፍ ከሰው ልጅ የተሻለውን እንዲያሳይ ይጠበቅ ነበር። ሐዘን ቢኖር እንኳ መጨረሻው ላይ ብርሃን መታየት አለበት። ፔትሩሼቭስካያ ያንን ብርሃን አትጨምርም። ሴትየዋ ወረፋ ላይ ቆማ የምታወራውን እንዳወራችው ታስቀምጠዋለች። አንድ የፖለቲካ ተቃዋሚ ቢጽፍ ባለሥልጣኑ የሚመልሰው ነገር አለው፤ «ጠላት ነው» ብሎ ይገላገላል። ልጇን የት እንደምታስተኛ ለጨነቃት እናት ግን ምን ብሎ ይመልሳል?

ስለ ተውኔቶቿ ንገሩን።

በ1970ዎቹ የአሌክሲ አርቡዞቭ የጸሐፌ ተውኔቶች ስቱዲዮ አባል ነበረች። በ1973 የጻፈችውን «የሙዚቃ ትምህርት» ሮማን ቪክትዩክ በ1979 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቴአትር አዘጋጀው። ብዙም ሳይቆይ ታገደ። የዚያ ዘመን ተውኔቶቿ በትንንሽ አዳራሾችና በአማተር ቡድኖች ነው የኖሩት።

በጣም የታወቀው «ሦስት ሴቶች በሰማያዊ» ነው። ማርክ ዛካሮቭ በሌንኮም ቴአትር በ1985 አቀረበው፤ ኢና ቹሪኮቫ ዋናዋን ኢራን ተጫወተች። ታሪኩ ቀላል ነው። ሦስት የሩቅ ዘመዳሞች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወንድ ልጅ ይዘው፣ ከከተማ ውጭ ጣሪያው የሚያፈስ አንድ አሮጌ የበጋ ቤት ውስጥ በጋውን ይጋራሉ። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ጣሪያውን ማን እንደሚያሳድስ ይጨቃጨቃሉ። ልጆቹ ይደባደባሉ፤ እናቶቹ በልጆቹ ጦስ ይዘላለፋሉ። ከዚያ ኢራ በፍቅር ትወድቃለች። ሰውየው ባለትዳር ነው። የታመመ ልጇን ለእናቷ ትታ ተከትላው ወደ ጥቁር ባሕር ትሄዳለች። እናቷ ደግሞ ሆስፒታል ትገባለች፤ ልጁ ብቻውን ቤት ይቀራል። ኢራ ይህን ስትሰማ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳ ቲኬት ለማግኘት የምትለምንበት ትዕይንት ሰውነቴን ያንቀጠቅጠዋል።

በተውኔቱ ውስጥ በየመሃሉ የልጅየው የፓቭሊክ ድምፅ ይሰማል። ለእናቱ ተረት ይነግራታል። እናት ለልጅ ተረት ስትነግር ነው የለመድነው፤ እዚህ ግን የሚያጽናናው ልጁ ነው።

በንግግሯ ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎቿ አይደማመጡም። አንዷ ስለ ኪራይ ስታወራ ሌላዋ ስለ ልጇ ትኩሳት ትመልሳለች። ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ፤ አይጨርሱም። ወረቀት ላይ የተዝረከረከ ይመስላል። ተዋናይ ሲናገረው ግን ከግድግዳው ማዶ ያለ ጎረቤት የሚነጋገር ነው የሚመስለው።

ትልቁ ሥራዋ የትኛው ነው?

ሰው ይለያያል። የእኔ ምርጫ «ጊዜው ሌሊት» ነው። በሩሲያኛ በ1992 «ኖቪ ሚር» ላይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሰጠው የሩሲያ ቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ ሆነ። ሽልማቱን ሌላ ሰው ወሰደው። ዛሬ ግን ከዚያ ዙር በብዛት የሚነበበው ይህ ይመስለኛል።

ተራኪዋ አና አንድሪያኖቭና ትባላለች። ገጣሚ ነኝ ትላለች። ስሟ የታላቋን ገጣሚ የአና አንድሬየቭና አኽማቶቫን ስም ሊመስል ጥቂት ስለቀረው ትኮራበታለች። ኑሮዋ ግን ሌላ ነው። ትንሹን የልጅ ልጇን ቲማን ይዛ በትንሽ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ገንዘብ የለም። የሰው ቤት በምግብ ሰዓት ትሄዳለች፤ ልጁ ይቀምስ ዘንድ። ለሕፃናት ግጥም እንድታነብ ስትጠራ የምታስበው ምን ይዛ እንደምትመለስ ነው። ወንድ ልጇ አንድሬይ ከእስር ቤት ወጥቶ እያስፈራራ ገንዘብ ይወስድባታል። ሴት ልጇ አልዮና ከተለያዩ ወንዶች ትወልዳለች፤ እናትና ልጅ ሲገናኙ ቃላቸው እንደ ቢላ ነው። የአና እናት ሲማ ደግሞ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ናት። ሁሉንም አና ሌሊት ሌሊት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ባገኘችው ወረቀት ላይ ትጽፋለች።

አንባቢ መጀመሪያ ላይ ያዝንላታል። ትንሽ ቆይቶ ይናደድባታል። የልጇን የግል ማስታወሻ ደብተር ሰርቃ ታነባለች፤ አንብባም ታፌዝባታለች። አፏ ክፉ ነው። እጇ ግን ያለውን ሁሉ ይሰጣል። እየሰደበች ታበላለች፤ እያበላች ትሳደባለች። ልጆቿን ትወዳለች፤ ፍቅሯም ያፍናቸዋል። እሷ ራሷ በእናቷ እንዲሁ ታፍናለች። ከሲማ ወደ አና፣ ከአና ወደ አልዮና የሚወርደው ይኸው ነው።

ፔትሩሼቭስካያ ከዚህች ሴት በላይ ቆማ አትፈርድም። ጥፋተኛዋ ይህች ናት አትልም። ነፃም አታወጣትም። ለዚህ ነው መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያነበበ ሰው ሁለት የተለያዩ ሴቶችን ያገኘ የሚመስለው። መጨረሻውን አልናገርም።

ሁሉም ነገር ጨለማ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ብዙ ሩሲያውያንም ይህን ብለው ትተዋታል።

«የራሳችን ሰዎች» የሚለውን ታሪኳን እንውሰድ። በ1979 ተጽፎ የታተመው በ1988 ነው። ዓርብ ዓርብ እየተሰበሰቡ የሚጠጡ የተማሩ ጓደኛሞች አሉ። የምትተርከው ሴት ምላሷ መርዝ ነው፤ ማንንም አትምርም። ከመካከላቸው ባሏ አለ፤ ጥሏት ሌላዋን ጓደኛቸውን ሊያገባ ነው። በመጨረሻ አንድ ምሽት ትንሹን ልጇን፣ አልዮሻን፣ ሁሉም ፊት ትመታዋለች። ደሙ ይፈሳል። ጓደኞቿ ይጮሁባታል፤ ልጁን ነጥቀው ይወስዱታል፤ አውሬ ናት ይሏታል።

የማያውቁት ነገር አለ። ሴትየዋ እናቷን በገደለው የኩላሊት በሽታ ልትሞት ነው። ልጁ ያለ እሷ ሲቀር ማንም እንደማያስታውሰው ታውቃለች። በእሷ ላይ ከተናደዱ ግን ለልጁ ያዝናሉ፤ ይይዙታል፤ ያሳድጉታል። የመታችው ለዚህ ነው።

ትክክል አደረገች? አላውቅም፤ ታሪኩም አይነግረንም። ነገር ግን ይህን ጨለማ ብቻ ብሎ ማለፍ ከባድ ነው። ፔትሩሼቭስካያ ውስጥ ፍቅር አለ፤ ብዙ አለ። የሚመጣው ግን በለመድነው መልኩ አይደለም። እቅፍና አበባ የለም። ገንዘብ፣ ቦታና ጤና በጠፋበት ቤት ፍቅር ምን መልክ ይይዛል የሚለውን ነው የምታሳየው። እኔ ካነበብኳት በኋላ ሰው ለመውቀስ ቶሎ አልቸኩልም።

አስፈሪ ተረቶችም ትጽፋለች?

አዎ፣ ውጭ አገር ዝናዋን ያገነነውም ይህ ነው። በ2009 በእንግሊዝኛ የወጣው የአስፈሪ ተረቶቿ መድብል በአሜሪካ በሰፊው ተሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን አገኘ። የሩሲያ ልጆች በበጋ ካምፕ ማታ መብራት ጠፍቶ እርስ በርስ የሚያስፈራሩባቸውን ታሪኮች መንፈስ ይዛ ነው የምትጽፋቸው።

«ንጽሕና» የሚለው ስለ ወረርሽኝ ነው። አንድ ወጣት በር አንኳኩቶ በሽታ መግባቱን ይናገራል፤ ምግብ ላምጣላችሁ ይላል። ቤተሰቡ አያምነውም፤ በሩን ይዘጋል። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ሌላ በር ይዘጋል፤ ሕፃኗ ከድመቷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይቆለፍባታል። ማን እንደሚተርፍ አንብባችሁ ድረሱበት። በኮሮና ወቅት ደግሜ ሳነበው ከ1990 ወዲህ ያለው ጊዜ ያላለፈ መሰለኝ።

«አዲሶቹ ሮቢንሰኖች» ደግሞ ከተማውን ጥለው ወደ ጫካ እየሸሹ፣ ፍየል እያረቡ፣ የተጣሉ ልጆችን እየሰበሰቡ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። «የፏፏቴው ቤት» የልጁን ሞት አልቀበልም ስላለ አባት ነው። ሦስቱም አጫጭር ናቸው።

ከ«የተረቶች ተረት» አኒሜሽን ጋር ምን ያገናኛታል?

ጽሑፉን ከዳይሬክተሩ ከዩሪ ኖርስታይን ጋር የጻፈችው እሷ ናት። በ1979 የተሠራ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ፊልም ነው። በ1984 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለሙያዎች ድምፅ ሰጥተው ከዘመናት ሁሉ ምርጡ አኒሜሽን ብለውታል። ጥንዶች ታንጎ ሲደንሱ ወንዶቹ አንድ በአንድ ከሴቶቹ እቅፍ የሚጠፉበት ትዕይንት አለ፤ ወደ ጦርነት መሄዳቸው ነው። ግራጫው የተኩላ ግልገል እሳት ዳር ድንች የሚጠብስበትም አለ። ሳማራ ላይ የተራበችውን ልጅ ካወቃችሁ በኋላ ያንን ድንች እዩት።

የአሳማው ነገርስ ምንድን ነው?

በ2002 ስለ ፒዮትር፣ ስለ ትንሹ አሳማ፣ ለሕፃናት መጻሕፍት አወጣች። ከዓመታት በኋላ የኢንተርኔት ወጣቶች አነሱት። ትራክተር እየነዳ ከአገር የሚወጣው አሳማ በሩሲያ ስደትን ለማሰብ የሚጠራ ቀልድ ሆነ። እሷ ይህን አላሰበችም፤ የሰው አፍ ግን ወስዶ የራሱ አደረገው።

ከመንግሥት ጋር ያላት ግንኙነት እንዴት ነው?

በ1991 የሶቪየት ታንኮች ቪልኒየስ ሲገቡ ለሊትዌኒያውያን ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው በጋዜጣ ሲወጣ ፕሬዚዳንት ጎርባቾቭን በመስደብ ተጠርጥራ ምርመራ ተከፈተባት፤ በኋላ ተዘጋ። በ2002 የሩሲያ መንግሥት ሽልማትን ተቀበለች። በ2021 መጨረሻ ግን ያንን ሽልማት እንደምትተው በይፋ ተናገረች። ምክንያቷ መንግሥት «ሜሞሪያል»ን ለመዝጋት መነሳቱ ነበር። ሜሞሪያል በስታሊን ዘመን የተረሸኑና የታሰሩ ሰዎችን ስም ይሰበስብ የነበረ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በዚያው ታኅሣሥ በፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲፈርስ ተደረገ።

የእሷ ዘመዶች ከነዚያ ከተረሸኑት ውስጥ ናቸው። ሽልማቱን መተዋ ለእኔ የቤተሰብ ጉዳይም ነው።

ከየት ልጀምር? በምን ቋንቋ?

እንግሊዝኛ ለምታነቡ በአና ሰመርስ የተተረጎሙት ይሻላሉ፤ የመጀመሪያውን የአስፈሪ ተረቶች መድብል ከኪት ጌሰን ጋር ነው የተረጎመችው። በቅድሚያ «ንጽሕና»ን አንብቡ፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ከወደዳችሁት ወደ «የራሳችን ሰዎች» እለፉ። ቀጥሎ የትዝታ መጽሐፏን፣ በመጨረሻ «ጊዜው ሌሊት»ን። በእሱ የጀመሩ ሰዎች መሃል ላይ ሲያቆሙ አይቻለሁ። ልጅነቷን አስቀድሞ ያነበበ ግን አና አንድሪያኖቭናን ይታገሳታል።

በሶቪየት ዘመን እዚያ የተማሩ ብዙ ወገኖች አሉን። ሩሲያኛ ለሚችሉት የምመክረው «ሦስት ሴቶች በሰማያዊ»ን ነው፤ ጮክ ብለው ያንብቡት። በተማሪነታቸው ማደሪያ ኮሪደር ላይ፣ በሱቅ ወረፋ ላይ የሰሙት ሩሲያኛ እዚያ አለ። ቢቻል አንዳቸው ወደ አማርኛ ቢመልሱት ምኞቴ ነው፤ የሚጫወቱት ተዋናዮች ሞልተውናል።